የጀልባዋ አረንጓዴ ሽቦ

ጓደኛዬ «ጀልባ ገዛሁ» ሲለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። መሐል አዲስ አበባ ያደገ፣ እዚህም መጥቶ ታክሲ የሚነዳ ሰው ከጀልባ ጋር ምን አገናኘው? «ቤት መግዛት አቃተኝ፤ ለልጆቼ የእሑድ መዋያ ትሁናቸው» አለኝ። አሮጌ ናት። ቨርጂኒያ ውስጥ ኦኮኳን ወንዝ ላይ፣ አንድ ማሪና ታስራ ትውላለች።

ባለፈው ሰመር አንድ እሑድ እኔም አብሬያቸው ዋልኩ። ጀልባዎቹ ከታሰሩበት የእንጨት መተላለፊያ ላይ የመብራት ሳጥን ቆሟል፤ ከዚያ 120 ቮልት በወፍራም ቢጫ ገመድ ወደ ጀልባዋ ይገባል። መስመሩ የ30 አምፔር ነው። ባለቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ሰክታ እንጀራ ትጋግራለች (አዎን፣ ጀልባ ላይ!)፣ የውሃ ማሞቂያውም በርቷል። ሁለቱም 1500 ዋት ናቸው፤ እያንዳንዱ 12.5 አምፔር ይስባል። ለረጅም ሰዓት ደግሞ በዚህ መስመር ከ24 አምፔር በላይ መጫን አይገባም። ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። ሶኬቱ ጠቁሯል።

ሽታው ጎረቤታችንን፣ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ ከጀልባቸው አስወጣቸው። በዚህ መሐል ልጆቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ሊዘሉ ጫፍ ላይ ቆመዋል። ሰውዬው ሶኬቱን ትተው በልጆቹ ላይ ጮሁ። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ከፋኝ። የሰው ልጅ ላይ እንዲህ ይጮኻል?

ከዚያ እንደ መቆንጠጫ ያለ የአምፔር መለኪያ አምጥተው በቢጫው ገመድ ዙሪያ አጎረሱት። በአንዱ ሽቦ የሄደው በሌላው ስለሚመለስ ንባቡ ዜሮ መሆን ነበረበት። ማሞቂያው እንደበራ ከአንድ አምፔር በላይ አሳየ። የጎደለው በወንዙ ውሃ በኩል እየተመለሰ ነበር ማለት ነው።

እኔ ብዕር እንጂ ሽቦ የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ የገባኝን ልንገራችሁ። ከ10 እስከ 15 ሚሊአምፔር፣ ማለትም የአንድ አምፔር መቶኛ ያህል፣ በሰውነት ሲያልፍ ጡንቻ አልታዘዝ ይላል። ጎበዝ ዋናተኛም እጁን ማንሳት ያቅተዋል። የወንዝና የሐይቅ ውሃ ከባሕር ይብሳል፤ ሰውነታችን ጨው ስላለው ኤሌክትሪኩ ከጨው አልባው ውሃ ይልቅ በእኛ ማለፍ ይቀለዋል። በ1999 ኦሪገን ውስጥ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ማሪና አጠገብ ሲዋኝ የሞተው በዚህ ነው፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለብሶ ነበር። ሬሳ ላይ ምልክት ስለማይተው ስንቱ «ሰጠመ» ተብሎ ብቻ እንደተቀበረ እግዜር ይወቀው።

በእኛ ጀልባ ጥፋቱ ድርብ ነበር። የማሞቂያው ውስጥ አርጅቶ ኤሌክትሪክ ያፈስሳል። የሚያፈስሰውን ወደ ሳጥኑ መልሶ ብሬከሩን ማስጣል የነበረባት አረንጓዴዋ የግራውንድ ሽቦ ደግሞ ተቆርጣለች። ጓደኛዬ የሸጠለትን ሰው በስልክ ቢጠይቀው «ፕሮፔለሩን እየበላብኝ ቆረጥኳት» አለው፣ ውለታ የዋለ ይመስል! መበላቱስ እውነት ነው፤ ጀልባዎች በዚያች ሽቦ ሲገናኙ ብረታቸው ይበላል። ግን ለዚህ ጋልቫኒክ አይሶሌተር የሚባል ዕቃ ይገጠማል እንጂ ሽቦ አይቆረጥም።

አሁን ባለሙያ አይቷት ሽቦዋ ተቀጥላለች፣ ማሞቂያው ተቀይሯል። 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከርም ገብቶላታል፤ አሮጌ ጀልባዎች ላይ ብዙ ጊዜ የለም። ጓደኛዬ ሲሰካ የሳጥኑን ብሬከር ያጠፋል፣ መጀመሪያ ጀልባዋ ላይ ቀጥሎ ሳጥኑ ላይ ሰክቶ አጥብቆ ያዞራል፣ ከዚያ ያበራል። ሲነቅል ከሳጥኑ ይጀምራል፤ ኤሌክትሪክ ያለበት ገመድ ጫፉ ውሃ ውስጥ እንዳይወድቅ። የቤት ማራዘሚያ ገመድ አይጠቀምም።

ያም ሆኖ ማሪና ውስጥ አይዋኝም። የእናንተ ጀልባ ጤነኛ ቢሆን የጎረቤቱ ያፈስስ ይሆናል። ውሃ ውስጥ ሆኖ መንዘር የተሰማው ሰው ከመተላለፊያውና ከብረት መሰላሉ ይራቅ፣ ወደመጣበት ይመለስ። ሌላው ሰው ሲያቃስት ብታዩ፣ ወገኖቼ፣ ተከትላችሁ አትዝለሉ። መብራቱን አጥፉ፣ ተንሳፋፊ ነገር ወርውሩ፣ 911 ደውሉ።

ሽማግሌውን በቀጣዩ እሑድ ቡና ጠራናቸው። ልጆቹ ዋና የሚማሩት በከተማው ገንዳ ነው፤ እንጀራውም ከቤት ተጋግሮ ይመጣል።