ቮልስ ይዘን ወደ ቤት

አሮጌ ቮልስ ዋገን ገዝቶ አገር ቤት ድረስ መንዳት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ባለፈው ክረምት እኛ ሦስት ወንድማማቾች ሞክረነዋል። ገንዘቡ የራሳችን ቁጠባና ለእናታችን የወጣላት እቁብ ስለ ነበር የቀልድ ጉዳይ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ መኪና ያለው ሰው ጠበቅ አድርጎ ነው የያዘው።

አንድ ደላላ ያሳየን የመጀመሪያዋ ቮልስ ቀለሟ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። ነገር ግን ቮልስ በቀለም አይገዛም። የኋላ መቀመጫውን አነሣነው፤ ባትሪው እዚያ ሥር ነውና ወለሉን ይበላዋል። ብንነካው ዝገቱ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። የሻንሲው ቁጥርም ከሊብሬው ጋር አልገጠመም። ደላላው «ልትገዙ ነው የመጣችሁት ወይስ ልትመረምሩ?» ብሎ ተቆጣ። ትተነው ሄድን።

ሁለተኛዋን ያገኘናት ከአንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1966 ሞዴል፣ ባለ 1300፣ ጉልበቷ 40 ፈረስ። ወለሏ ደህና፣ ቁጥሯም ልክ። በዋጋ ብዙም አልተከራከሩን፤ ብቻ «ለመለዋወጫ የምትበልቷት ከሆነ አልሸጥም» አሉ። «ኧረ ጋሼ፣ ለእናታችን ነው!» አልናቸው። የስም ማዞሩ ጣጣ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ እሱን እንለፈው። ሲሸኙን አንድ ትርፍ ቺንጋና ባለ 21 ቁልፍ ከፊት ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከተቱልንና «ስትደርሱ ደውሉልኝ» አሉን።

እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። የቮልሷ መብራት ባለ 6 ቮልት ስለሆነ ደብዛዛ ነው፤ ሳይመሽ መግባት ነበረብን። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን በሰላም አለፍን። ልጆች «ቮልስ! ቮልስ!» እያሉ ይከተሉናል።

አለልቱን እንዳለፍን ቀዩ መብራት ቦግ አለ። የማያውቅ ሰው «ባትሪ አልሞላ ብሎ ነው» ብሎ መንዳቱን ይቀጥላል። ቮልስ ግን ራዲያተርም ውሃም የላትም። ሞተሯን በነፋስ የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር የሚዞረው ዲናሞውን በሚያዞረው በዚያው ቺንጋ ነው። እሱ ተበጥሶ መንዳት ሞተሩን እያዩ ማቃጠል ነው። የእናታችን እቁብ በዓይናችን ላይ ዞረ! ወዲያው አጥፍተን ወረድን። እውነትም ቺንጋው ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

ዝናቡም ያን ጊዜ ጀመረ። አንዳችን ነጠላ ዘርግተን ሞተሩን ከለልን፣ አንዳችን ፑሊውን በካቻቢቴ ያዝን፣ አንዳችን በ21 ቁልፍ ፈታን። ፑሊው ለሁለት ይከፈላል፤ ቺንጋው የሚጠብቀውና የሚላላው በመካከሉ ያሉትን ስስ ቀለበቶች በመቀነስና በመጨመር ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መግባት አለበት። እያወጣን እያስገባን ልኩን እስክናገኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ቁልፉን አዞርን፤ ቀዩ መብራት ጠፋ። ጮኸን ተቃቀፍን፣ ምን ይደረግ!

ከዚያ ወዲያ የሸኖ ዳገት ነው። አገሩ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ወደ 2,800 ሜትር ሲጠጋ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከ40ው ፈረስ አሥሩ ሸሹ ማለት ነው። ጭነት የሞላ አይሱዙ እንኳ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈን።

ቤት ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። እናታችን እልል ብላ ሞተሩ የት እንዳለ ስትፈልግ፣ እኛ ለሽማግሌው ደወልን። እንዴት ናችሁ ሳይሉ፣

«ሸኖን በስንተኛ ማርሽ ወጣችሁ?» አሉን።

«በሁለተኛ፣ ጋሼ።»

ጥቂት ዝም አሉና፣ «እኔ በሦስተኛ ነበር የምወጣው» አሉ።