ሁለት ባለ ክንፎች በአንድ መስኮት ሥር

አዲስ አበባ የሚኖሩ አንዲት አንጋፋ ሠዓሊ ለሕፃናት መማሪያ የሚሆን «በራሪዎች» የተሰኘ ሥዕል ለመሥራት ሁለት ሕያዋን ፍጥረታትን ከጠረጴዛቸው ላይ አኖሩ። አንደኛዋ በንድፍ ወረቀት ጫፍ ላይ የተቀመጠች ነጭ የሐር የእሳት እራት ስትሆን፣ ሁለተኛው አንድ ጎረቤት አጥምዶ በሽቦ ጎጆ ያመጣላቸው ትንሽ በቀቀን ነበር። ሥራው ግን ገና ከጅምሩ እንቅፋት ገጠመው፤ ከሁለቱ አንዷ አትበርምና።

ክንፍ አጥታ አይደለም። አራት ክንፎች አሏት፤ ሲነኳቸውም ጣት ላይ ዱቄት መሰል ቅርፊት ይተዋሉ። ነገር ግን የሐር ትል እርባታ በቻይና ከተጀመረ 5000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሰው ክሩ የበረከተውን እየመረጠ ሲያራባ ብዙ ትውልድ ስላለፈ፣ ዛሬ ክንፏ ይርገበገባል እንጂ አያነሣትም። አፏም እንዲሁ ነው፤ ትል ሳለች የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ያለ ዕረፍት ስትበላ ከርማ፣ ክንፍ ካወጣች በኋላ እህል አትቀምስም። ጥቂት ቀናት ኖራ፣ ዕንቁላሏን ጥላ ታልፋለች። አማርኛ ይህን ወገን «የእሳት እራት» ያለው በኩራዝ ዙሪያ ሲያልቅ አይቶ ነው፤ ከሐሯ ዘመዶች አብዛኞቹ ግን ኩራዝ ለማየት እንኳ አይደርሱም። ወጥተው 1000 ሜትር ያህል የሚረዝመውን ክር እንዳይበጥሱ፣ የፈተሉትን እንደለበሱ በእንፋሎት ወይም በፈላ ውኃ ይገደላሉ።

በቀቀኑ 16 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ የትውልድ አገሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1814 ለሳይንስ ተመዘገበ። የወንዱ ግንባር ቀይ ነው፤ የሴቷ ግን አረንጓዴ። ሠዓሊዋንም ያስቸገራቸው ይኸው አረንጓዴ ነበር። በላባው ውስጥ ያለው ቢጫ ቀለም ነው እንጂ አረንጓዴ አይደለም፤ ሰማያዊው ደግሞ ብርሃን ከላባው ረቂቅ አሠራር ላይ ሲበተን የሚወለድ ነው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ዓይን አረንጓዴ ያያል። ሠዓሊዋ ቢጫና ሰማያዊ እየደባለቁ ደጋግመው ሞከሩ፤ በሽቦው ጥላ ሥር ግን ቀለሙ የሞተ ሆነባቸው።

ሰው በዚህ ወፍ ክንፍ ላይ ገና ሥልጣን አላገኘም፤ በሚያድርበት ዛፍ ላይ ግን አለው። በቀቀኑ የሚያድረውም የሚፈለፍለውም በግንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ የጽድ ፍሬም ይመገባል። ያረጀ ዛፍ ከተቆረጠ፣ ለዚህ ወፍ የጎጆው በር ቢከፈትለትም የሚመለስበት ቤት የለውም። ሠዓሊዋ ይህን እያወቁ ለሁለት ቀናት አመነቱ።

በሦስተኛው ቀን ጧት መስኮቱንም የጎጆውንም በር ከፈቱ። በቀቀኑ ለአፍታ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ቆመ፤ ከዚያም በእንጦጦ አቅጣጫ ጠፋ። ጎረቤትየው ቆይቶ ሲሰማ ተቀየመ፤ ቅያሜውም እስከ ፋሲካ ዘለቀ።

የእሳት እራቷን ነፋሱ ነካት፤ ክንፏን አርገበገበች፤ ከቦታዋ ግን አልተነሣችም። ማታ ሠዓሊዋ መብራት ሲያበሩ፣ ከበቀቀኑ ያልተጨረሰ ንድፍ ጎን እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የደቀቁ ቢጫ ዕንቁላሎች ተደርድረው አገኙ። ወረቀቱን አልለወጡትም።