እንግዳና ሙቅ ውኃ

ለእንግዳ እግር ሙቅ ውኃ ማቅረብ በአገራችን ከጥንት የኖረ ልማድ ነው። ደጋ ላይ ያደግን ሁሉ እናውቀዋለን። መንገደኛው ገና አረፍ እንዳለ የቤቱ ልጅ ገበቴ ይዞ ይንበረከካል፤ ወሬ የሚጠየቀውም እግሩ ከታጠበ በኋላ ነው። በዛሬው ዘመን ግን ይህ አገልግሎት በታላላቅ ከተሞች በብዙ ገንዘብ የሚገዛ ሆኖአል፤ ስሙንም ስፓ ብለውታል። ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያነሣሣን በጅቡቲ ከተማ፥ ባልባላ በተባለው ሠፈር የቀረበልን ጥያቄ ነው።

ለመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ወደ ጅቡቲ ወደብ በተላክን ጊዜ ያረፍነው በሆቴል ሳይሆን፥ የወላጅ እናታችን ባልንጀራ በነበሩ በአንዲት አሮጊት ቤት ነው። እኛ በትግርኛ «አደይ» እያልን እንጠራቸዋለን፤ እርሳቸውም «ወደይ» ይሉናል። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአሮጌው ባቡር በድሬዳዋ በኩል መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው።

ባልባላን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መግለጽ ይገባናል። ፈረንሳዮች ጅቡቲን ይገዙ በነበረበት ዘመን፥ በ1966 እ.ኤ.አ. በከተማይቱ ሁከት ከተነሣ በኋላ ዙሪያዋን በሽቦ አጠሩአት። ከገጠር የሚመጣው ሰው እንዳይገባ ስለ ተከለከለ ከአጥሩ ውጭ በቆርቆሮና በጣውላ ጎጆ እየሠራ ተቀመጠ። ባልባላ የተወለደችው እንዲህ ነው። ስሟም ከመብራት ቤቱ ብልጭ ድርግም ማለት የመጣ ነው ይባላል። አገሩ በ1977 ነጻ ከወጣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሠፈሪቱ የከተማው ክፍል ተብላ ተቈጠረች። ውኃ ግን ጥንትም ችግሯ ነው። ከአገራችን ከአዲጋላ አካባቢ የሚቀዳው የከርሰ ምድር ውኃ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጕዞ ወደ ጅቡቲ እንደሚገባ ለአደይ በኩራት ብናጫውታቸው፥ «እግዚአብሔር ይስጣቸው» አሉና ከበርሜላቸው በጣሳ መቅዳታቸውን ቀጠሉ።

የቀዱትንም ከሰል ላይ ጣዱት። በዚህ ሐሩር ውኃ ማሞቅ ለምን አስፈለገ ብንላቸው፥ «እንግዳ በቀዝቃዛ ውኃ አይታጠብም» የሚል መልስ ሰጡን። እንቢ ብንልም አልሆነልንም። እግራችንን እያጠቡ ሳሉ ነው ጥያቄው የመጣው። የልጅ ልጃቸው በከተማው ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል ፎጣ አጣቢ ነው። ሰዎች በእንፋሎት ቤት ውስጥ ለመቀመጥና ገላቸውን ለመታሸት ገንዘብ ይከፍላሉ ብሎ ነግሮአቸው አላመኑትም። «ወደይ፥ አንተ አገር ያየህ ነህ፤ እውነት ነውን?»

እውነት ነው ብለን ስለ ባዝ አጫወትናቸው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን «ባዝ» ማለት መታጠቢያ ነው ብለው ሲያስተምሩን፥ የከተማም ስም ይሆናል ብለን አልጠረጠርንም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ለአጭር ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሄደን ሳለ፥ አስተናጋጆቻችን በዚያች ከተማ ባዝ ስፓ በሚባለው ሆቴል ሁለት ሌሊት አሳደሩን። ከተማይቱ ሮማውያን መታጠቢያ የሠሩባት ናት፤ የምንጩ ሙቀት 46 ዲግሪ ያህል ሲሆን በየቀኑ ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። ሆቴሉ በ19ኛው መቶ ዓመት ለአንድ ጄኔራል መኖሪያ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። በኋላ ሆቴል ሆነ፤ የነርሶች ማደሪያም ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ ታድሶ እንደገና እንግዳ መቀበል ጀመረ።

እድሳቱን አድንቀናል። የቧንቧውና የኤሌክትሪኩ መሥመር ሁሉ ከአሮጌው ግድግዳ በስተጀርባ ተሰውሮአል፤ ቤቱ ዕድሜውን አላፈረበትም። የአዲስ አበባው የጣይቱ ሆቴልም ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ከጎዳው በኋላ ተጠግኖ ሥራውን መቀጠሉ የሚያስመሰግን ነው። በባዝ የተሰጠን ፎጣ እንደ ጋቢ የከበደ ነበር። ሁሉ ነገር በሹክሹክታ ስለሚነገር የታመመ ሰው ያለበት ቤት ይመስላል። ምንጩ ያለው ከከተማው መካከል ስለሆነ የሆቴላችን ገንዳ በማሞቂያ የሚሞቅ ተራ ውኃ ነው፤ ይህን ለአደይ ስንነግራቸው በጣም ሳቁ።

ሳቃቸው የቆመው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ በነገርናቸው ጊዜ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ወደዚህችው ወደ ጅቡቲ መጡ። ሚያዝያ 26 ቀን ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ሐይፋ ሄዱ። በኢየሩሳሌምና በለንደን በኩል አልፈው፥ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ከተናገሩ በኋላ፥ በዚያው ክረምት በፍል ውኃው ሊታከሙ ወደ ባዝ መጡ። በመጀመሪያ ያረፉትም እኛ ባረፍንበት ሆቴል ነው። ብዙም ሳይቆዩ ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዝተው፥ ብርዱንና የገንዘብ ችግሩን ታግሠው እስከ 1932 ዓ.ም. ኖሩበት። በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቤቱን ለአረጋውያን መጠጊያ ይሆን ዘንድ ለባዝ ከተማ ሰጡ። እኛም በሆቴሉ በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም፤ የተኙት በየትኛው ክፍል ይሆን እያልን ኮርኒሱን ስንመለከት ነጋ።

አደይ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ታዲያ በዚያ ቤት እግራቸውን ማን አጠበላቸው?» ሲሉ ጠየቁን።

«ሆቴል ነው፥ አደይ፤ ሰው ራሱን ይታጠባል።»

«እንግዲያስ ስደት ነው» አሉን።

የአንድ ሌሊቱንም ዋጋ ጠየቁ። በጅቡቲ ፍራንክ አስልተን ብንነግራቸው፥ እርሳቸው ደግሞ በውኃ በርሜል አሰሉት፤ ቍጥሩን ግን ጮክ ብለው አልተናገሩም። ከዚህ በኋላ ነው ጕልበታቸው ከሁለት ዓመት ወዲህ አላስነሣ እንዳላቸው የገለጡልን። ምኞታቸው የባዝ ሆቴል አልነበረም። «አዲስ አበባ ፍልውኃ አንድ ሳምንት ብነከር እድን ነበር፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ ማን ይወስደኛል?» አሉ። ፍልውኃ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከሰፈሩበትና የዋና ከተማችን መነሻ ከሆነው ቦታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መኳንንቱም ተሸካሚውም ታጥበውበታል። ስለ ጕልበታቸው አስቀድሞ ሐኪም እንዲያያቸው ነገርናቸው፤ ተስማሙ። ፍል ውኃ በሽታን ሁሉ ይነቅላል የሚሉትን አንደግፍም፤ ሕመምን ማስታገሡን ግን አንክድም።

በማግሥቱ ሥራችንን እንደ ጨረስን ወደ ነጋድ የባቡር ጣቢያ ሄደን ጠየቅን። በአዲሱ ባቡር ለመሄድ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ የአደይ ፓስፖርት ጊዜው አልፎበታል። ይህም ሊታደስ ተሰጥቶአል። ፋሲካ እንዳለፈ እንዲመጡና ከእኛ ቤት እንዲያርፉ ተነጋግረናል። የቀረው የጕዞው ቀን ነው። የበርሜሉን ኀላፊነትና የቤቱን ቍልፍ የሚረከበው የልጅ ልጃቸው ሲሆን፥ ከሆቴሉ ፈቃድ የሚያገኘው ዓርብ ብቻ ነው። እርሱ ካልሸኘኝ አልሳፈርም ብለዋል። ስለዚህ ዓርብ የሚነሣ ባቡር እንዳለ ወደ ጣቢያው ጽፈን መልሱን እንጠባበቃለን።