ስለ መኪና የጓንት ሣጥንና ስለ ቤተ ሰብ ጤና

የቤት ሥርዓት የሚመረመረው እንግዳ በሚቀመጥበት በእልፍኙ ብቻ አይደለም፤ ዘመናችን መኪናን ከቤት ክፍሎች እንደ አንዱ አድርጎታልና። ልጆቻችን በየማለዳው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት፥ በሽተኛችንንም ወደ ሐኪም የምናደርስበት ስለ ሆነ፥ በውስጡ የምንተነፍሰው አየር እንደ ቤታችን አየር ሊታሰብለት ይገባል።

በጋቢና በሚቀመጠው ሰው ጕልበት ፊት ያለችውን ሣጥን የውጭ አገር ሰዎች የጓንት ሣጥን ይሏታል። ስሟ ከጥንት ሥራዋ የመጣ ነው፤ የቀድሞ መኪናዎች ክፍት ስለ ነበሩ ነጂው እጁን ከብርድና ከአቧራ በጓንት ይሸፍን ነበር። እንግሊዛዊቱ የመኪና ነጂ ዶሮቲ ሌቪት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1909 ዓመተ ምሕረት ለሴቶች ባሳተመችው መጽሐፍ፥ ከመቀመጫው በታች ባለው መሳቢያ ጓንትና መስተዋት እንዲቀመጥ መክራለች። ዛሬ በእኛ ዘንድ ሊብሬና የኢንሹራንስ ወረቀት፥ የልጆች ከረሜላና ያለፈ ዓመት ደረሰኝ ይሞሉባታል።

እኔ ይህችን ሣጥን በየዓመቱ፥ የበጋው አቧራ አልፎ ክረምት ሳይገባ፥ ከቦታዋ አስወጣታለሁ። ምክንያቱም ታናሿ ልጄ የአስም ሕመም አለባት፤ ቶዮታ ኮሮላን በመሳሰሉ ብዙ መኪናዎች ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራው ፊልትሮ ከዚህች ሣጥን በስተ ኋላ ተሰውሮ ይገኛል።

አወጣጡ ጕልበት አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። አስቀድሞ ሞተሩንና የአየር ማራገቢያውን አጥፍቶ በሣጥኒቱ ያለውን ሁሉ ማውጣት ነው። ቀጥሎ ከፍቶ፥ በጎኗ ተያይዛ ቀስ ብላ እንድትወርድ የምታደርጋትን ትንሽ ዘንግ ማላቀቅ ነው። ከዚያም ሁለቱን ጎኖቿን በሁለት እጅ ወደ ውስጥ ጫን ቢያደርጓቸው የሚያግዷት ጕጦች ይለቋታል፤ ወደ ታች ወርዳም ከማጠፊያዎቿ ትወጣለች። በሌላ ዓይነት መኪና በብሎን የታሰረች እንደ ሆነ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። በዚያው አጠገብ የአደጋ ጊዜ የአየር ከረጢት ስለሚኖር ሽቦዎቹን መነካካት አይገባም።

ነጭ ሆኖ የገባው ፊልትሮ እንደ አመድ ጠቍሮ፥ ቅጠልና የነፍሳት ክንፍ ተሸክሞ ሲወጣ ያየ ሰው፥ እርሱ ባይኖር ይህ ሁሉ ወዴት ይገባ እንደ ነበር ያስተውላል። አዲሱ ሲገባ የተሳለበት ቀስት እንደ አሮጌው መመልከት አለበት። ሆኖም ፊልትሮ አቧራን ይይዛል እንጂ የጭስን መርዝ ሁሉ አያስቀርም፤ የሐኪምንም መድኃኒት አይተካም።

ሣጥኒቱ የምትመለሰው በወጣችበት ሥርዓት ተገላቢጦሽ ነው፤ በፊት ማጠፊያዎቹ፥ ቀጥሎ ጎኖቹ፥ በመጨረሻ ዘንጓ ይገባሉ። አልዘጋ ያለች እንደ ሆነ በኀይል ከመግፋት መልሶ ማውጣት ይሻላል፤ ፕላስቲክ ተሰብሮ አይጠገንምና። ወረቀቶቹም ተመርጠው ይመለሳሉ፤ ልጄ የምትስበው መድኃኒት ግን ፀሐይ በሚያግለው መኪና ውስጥ መተው ስለማይገባው ከእናቷ ቦርሳ አይለይም።

ይህን ሥራ ዛሬ የአሥራ አራት ዓመቱ ወንድሟ በፊቴ ይሠራዋል። በጋራዥ ማሠራት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ወንድም የእኅቱን እስትንፋስ በገዛ እጁ መጠበቅን የሚማርበት ሥራ በቤት ውስጥ ብዙ አይገኝም። እንዲህ ያለውን ዕድል ያገኘ አባት ለሌላ ሰው አሳልፎ ባይሰጠው መልካም ነው።