ሽያጭና ትርፍ፦ ከካርታ ተጫዋቹ የተማርነው

ሰሞኑን ቦሪ ሱቃችን ውስጥ ተቀምጠን የእቁብ ገንዘብ ስንቆጥር የእህታችን ልጅ ስልኩን ይዞ ገባ። «አክስቶቼ፣ ይሄን ሰውዬ እዩት! በካርታ ብቻ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሸንፏል» አለን። ቀጥሎ የመጣበትን ተናገረ። ለንግድ መነሻ ልንሰጠው ያሰብነውን ገንዘብ በስልክ ፖከር ሊጫወትበት ፈልጓል።

ቁጣ ቀደመን። ግን ብናባርረው ከሌላ ተበድሮ እንደሚጫወት እናውቃለን። «ተቀመጥና ሰውዬውን አብረን እንየው» አልነው።

ሰውዬው ዳንኤል ነግሪያኑ ይባላል። ከሩማንያ ከተሰደዱ ወላጆች በ1974 ካናዳ ቶሮንቶ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በወጣትነቱ ያጠራቀመውን ይዞ ላስ ቬጋስ ሄደ፤ ገንዘቡ አለቀና ቶሮንቶ ተመልሶ እንደገና ከታች ጀመረ። በ1998፣ በ23 ዓመቱ፣ ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር በሚባለው ትልቁ ውድድር የመጀመሪያውን የወርቅ አምባር አገኘ። በ2004 እና በ2013 የውድድሩ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

አጨዋወቱን ስናይ ግን ገበያችንን አየንበት። «ስሞል ቦል» ይሉታል። ብዙ ጊዜ ይገባል፣ ግን በትንሽ ገንዘብ። ሌሎች የመነሻ ውርርዱን ሦስትና አራት እጥፍ ሲያስይዙ እሱ ሁለት ተኩል እጥፍ ግድም ያስይዝ ነበር። ከተቃራኒው ጋር እያወራ ፊቱን፣ ድምፁን፣ ያለፈ ውርርዱን ያያል። ነገሩ ካላማረው በትንሽ ኪሳራ ይወጣል። በቱርናመንት ቺፕሱ ያለቀበት ሰው ከጨዋታ ውጪ ስለሆነ፣ መቆየት ራሱ ሥራ ነው። ሙሉ ገንዘባችንን በአንድ ጭነት ላይ እንዳናውል እናቶቻችን የሚመክሩን ይሄንኑ አይደል?

ልጁ ደስ አለው። «ታዲያ እንደ እሱ በትንሽ በትንሹ እጫወታለኋ!» አለ።

እኛም ሰውዬው ራሱ በይፋ ያወጣውን ሒሳብ አሳየነው። በ2017 ከውድድር የሰበሰበው ሽልማት ከ2.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ለመግቢያ የከፈለው ሲቀነስ ግን ዓመቱን 86 ሺህ ዶላር ያህል ከስሮ ዘጋ። ያ 50 ሚሊዮን የሚባለውም ሽልማቱ ብቻ ነው፤ የመግቢያ ክፍያው አልተቀነሰለትም። በ2014 ሁለተኛ ወጥቶ ከ8.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኘበት ውድድር መግቢያው 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከ2013 በኋላ ሰባተኛውን አምባር ያገኘው በ2024 ነው። በመሃል ያሉትን 11 ዓመታት እየከፈለ ነው የገባው። ዓለም የሚያውቀው ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ስሙ ያልተሰማው ስንቱ ባዶ እጁን ይገባል?

ልጁ ዝም አለ። እኛም አፈርን፤ ይሄ ስህተት የእኛም ነበርና። ባለፈው ዓመት አንድ ጭነት ቲማቲም 200,000 ሽልንግ ሸጠን ለጎረቤት ሁሉ አወራን። አንዳችን በኮሜርስ ዲፕሎማ ብንመረቅም ደብተር አልያዝንም። የእቁብ ቀን ሲደርስ እጃችን ባዶ ሆነና ቁጭ ብለን አሰብነው። መግዣው 150,000፣ መኪናው 22,000፣ ተሸካሚና ቀረጥ 9,000፣ በብርና በሽልንግ ምንዛሬ የጎደለው 6,000፣ የሱቅ ኪራይና ዘበኛ 10,000። የቀረን 3,000 ሽልንግ ነበር። ለእቁቡ ተበደርን።

ያንን ደብተር አውጥተን ለልጁ ሰጠነው። ንግድና ካርታ አንድ አለመሆናቸውንም ነገርነው። በካርታ አንዱ የሚያገኘው ሌላው የከሰረውን ነው፣ አጫዋቹም ድርሻውን ያነሳል። በንግድ ግን ሽንኩርቱን የገዛችው እናት ወጥ ትሠራበታለች፣ እኛም ትርፋችንን እንይዛለን።

ገንዘቡን በእጁ አልሰጠነውም። በግማሹ ሳሙናና ዘይት ገዝተን አስረከብነው፤ ግማሹ እኛ ጋ ተቀምጧል። ማታ ማታ ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ የገባውን በአንድ በኩል፣ የወጣውን በሌላ በኩል ጽፎ። ባለፈው ሳምንት 640 ሽልንግ አተረፈ። «ትንሽ ናት» አለ።

«ትንሽ ናት፤ ግን ወጪዋ ተቀንሶላታል» አልነው።