ወደ አሶሳ በወረድን ጊዜ

ደገኛ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ስንቁንና ልብሱን አስቀድሞ ያሰናዳል፤ ነገር ግን የአገሩን ጠባይ ጠይቆ መረዳት ከስንቅ ሁሉ እንደሚበልጥ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እኛም ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሳይከፈት ሦስቱን ልጆቻችንን ይዘን፥ ዘመን መለወጫን ከዘመድ ጋራ ለማሳለፍ ወደ አሶሳ ወርደን ነበር። ያየነውን ደስታና በቸልተኝነታችን የደረሰብንን ጭንቀት ለሌላው ቤተ ሰብ ትምህርት ይሆን ዘንድ እነሆ እንጽፋለን።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ አሶሳ፥ በነቀምቴ፥ በጊምቢና በመንዲ በኩል ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በመተከል ብዙ ሰው ከቀዬው ያፈናቀለ ግጭት መነሣቱን፥ የምዕራብ ወለጋ መንገድም ችግር ያየ መሆኑን ስለምናውቅ፥ በአውሮፕላን መሄድን መረጥን። በመኪና የሚሄድ ሰው ግን የመንገዱን ሁኔታ በሚነሣበት ሳምንት ከአገሩ ሰው ይጠይቅ፤ ጉዞውንም በቀን ብቻ ያድርግ።

ክረምቱ ገና ስላልወጣ ምድሩ ሁሉ ለምልሟል። በከተማው የማንጎ ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተዋል፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ የቀርከሃው ጫካ ይታያል። በገበያ የበርታ ሴቶች ለምግብ የሚሆን የቀርከሃ ቡቃያና ባሚያ ይሸጣሉ። በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ የክልሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ በርታዎቹም በአብዛኛው እስላሞች ሲሆኑ፥ እንግዳን በትሕትና የሚቀበሉ መሆናቸውን በዓይናችን አየን።

ያረፍነው በአጎታችን ቤት ነው። አጎታችን በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ወደ አሶሳ ከሰፈሩት ሰዎች አንዱ ናቸው። በመጀመሪያው ማታ እራት ከተበላ በኋላ ለልጆቹ የሚሆነውን አጎበር በእጃቸው እየሰቀሉ፥ «ልጆቼ፥ ይህን ነገር እንደ ቀላል አትዩት። እኛ ስንመጣ አጎበርም አናውቅ፥ መድኃኒትም አልነበረን። የመጀመሪያዪቱን ልጄን በዚያው ዓመት ንዳድ ወሰደብኝ፤ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች» አሉን። ከዚያ ወዲያ ምንም አልተናገሩም።

አባቶቻችን ንዳድ ያሉት በሽታ ወባ ነው። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር በአብዛኛው የወባ አገር ሲሆን፥ የአሶሳ ከፍታ ከ1,500 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይሁን እንጂ ደጋም ቢሆን ሁልጊዜ አያስመካም፤ በ1950 ዓ.ም. ማለቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወረርሽኙ ወደ ደጋው ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። በእኛም ዘመን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት ወር ድረስ ብቻ፥ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና ከ1,100 በላይ ሙታን መመዝገባቸውን የዓለም የጤና ድርጅት ገልጿል።

ይህን ሁሉ እያወቅን በሦስተኛው ሌሊት ታናሹ ልጃችን «ሞቀኝ» ብሎ ቢያለቅስ አጎበሩን ገለጥንለት። «አንድ ሌሊት ምን ያደርጋል?» አልን። መስከረም 4 ቀን ሁላችንም በጤና ወደ አዲስ አበባ ተመለስን።

መስከረም 13 ቀን ልጁ ተንቀጠቀጠ፤ ራሱን አመመው፤ ትኩሳቱም ነደደ። ጎረቤቶች «ምች ነው» ቢሉን ዳማከሴ አሽተን አጠጣነው፤ ላብ ሲያሰምጠው የተሻለው መሰለንና ሌሊቱን በከንቱ አሳለፍን። በማግሥቱ አጎታችን የልጆቹን ደኅንነት ለመጠየቅ ስልክ ቢደውሉ ነገሩን ነገርናቸው። «ምን ትጠብቃላችሁ ልጆቼ! ከቆላ የተመለሰ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው ምች ነው አይባልም። አሁኑኑ ተነሡና ደሙ ይታይ!» ብለው ጮኹብን። ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ ሰማን፤ ያቺን የአራት ዓመት ልጅም አሰብን። ልጁን ታቅፈን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። ከአሶሳ መምጣታችንን ስንናገር ወዲያው ደሙን መረመሩ፤ ከወባ ዓይነቶች ሁሉ አደገኛው ተገኘበት። በጊዜው ካልታከመ ይህ ዓይነት በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ሊብስና አእምሮን ሊያስት እንደሚችል ነገሩን።

የሦስት ቀን መድኃኒት ታዘዘለት። ይህ መድኃኒት በባዶ ሆድ ሳይሆን ቅባት ካለው ምግብ ጋራ ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል፤ የጾም ቀን ቢሆንም ዘይት ያለበት የጾም ምግብ ይበቃል። ትኩሳቱ ቢበርድም መድኃኒቱ እስከ መጨረሻው መዋጥ አለበት። የደመራው ዕለት ልጃችን ደክሞ ነበር፤ ነገር ግን በደጃፍ ተቀምጦ ችቦውን ተመለከተ። ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁን።

ስለዚህ ወደ ቆላ የምትወርዱ ወላጆች ሆይ፥ ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ፤ ይልቁንም ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካለ ይህን አትዘንጉ። ጀምበር ስትጠልቅ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ አልብሱ። የአጎበሩን ጫፍ በፍራሹ ሥር አስገቡ፤ ሙቀት ቢበረታም አትግለጡት። ውኃ አፍልታችሁ አጠጡ፤ ቢልሃርዝያ ስለሚያሰጋ ልጆችን በወንዝና በኩሬ አታዋኙ። ሌሊት ያለ መብራትና ያለ ጫማ ወደ ሣር አትውጡ። ከተመለሳችሁም በኋላ ወራት እንኳ ቢያልፍ፥ ትኩሳት ሲነሣ ወደ ሐኪም ሂዱና ከየት እንደ መጣችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

አሶሳን ግን አንፈራም። እግዚአብሔር ቢፈቅድ በሚመጣው ዓመት እንመለሳለን፤ ለአጎታችን የምንወስደውም ስጦታ አዲስ አጎበር ነው።