ወደ ሰገነቱ መውጣት፣ ከሰገነቱ መውረድ

በያፋ በር ገብቶ ወደ ጌታችን መቃብር የሚያመራ ተሳላሚ ዓይኑ ጉልላትና መስቀል ይፈልጋል። የእኔ ዓይን ግን አስቀድሞ የሚያርፈው በመሬቱ ላይ ነው። በገበያው መካከል ቁልቁል የሚወርደው የዳዊት ጎዳና በዝቅተኛና በሰፋፊ ደረጃዎች የተሠራ ነው፤ ድንጋዩም በብዙ ዘመናት እግር ተልጎ ያንሸራትታል። በአሮጌው ከተማ በአንዳንድ ጎዳናዎች ላይ በቅርብ ዓመታት ለእጅ የሚሆን የብረት መደገፊያ ተተክሏል፤ በደረጃዎቹም ጠርዝ ለመንኮራኩር የሚሆን ተዳፋት ተበጅቷል። ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። እኔ ግን ቆሜ እዳስሰዋለሁ፤ እንጀራዬ ነውና።

ሥራዬ ድርጅቶችና ተቋማት ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ማማከር ነው። በእስራኤል የአካል ጉዳተኞች የእኩል መብት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቷል፤ የተደራሽነት ምዕራፍ ደግሞ በ2005 ተጨምሮበታል። የአማካሪነቱ ፈቃድ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የሕንፃና የአካባቢ ነው፤ በርን፣ ደረጃን፣ መንገድን ይመለከታል። ሁለተኛው የአገልግሎት ነው፤ እንግዳ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ እንዴት እንደሚስተናገድ፣ የሚነገረውን ሁሉም እንዴት እንደሚሰማና እንደሚረዳ ይመለከታል። የእኔ ፈቃድ ሁለተኛው ነው። ይህን የምናገረው ስለ ሙያዬ ለመመካት አይደለም፤ ቀጥሎ የምተርከውን ጥፋቴን የሚያከብደው ይኸው ስለሆነ ነው።

ገዳማችን ዴር ሡልጣን የት እንደሚገኝ አንባቢ ያውቃል። በቅድስት ዕሌኒ ቤተ ጸሎት ጣራ ላይ ነው። በአጥሩ መካከል የሚታየው ጉልላት ለታችኛው ቤት ብርሃን የሚሰጥ ነው። ከመቃብሩ አደባባይ የሚመጣ ሰው በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ገብቶ፣ በጠባቡ ደረጃ ወደ አርባዕቱ እንስሳ ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ ሰገነቱ ይደርሳል። በሌላው ወገን ከገበያው የሚመጣም ቢሆን ደረጃ ይጠብቀዋል። መናንያኑ የሚኖሩባቸው ትንንሽ ቤቶች ያሉት ከዚያ ሁሉ መውጣት በኋላ ነው።

በዚህ ስፍራ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ይሠራ ቢባል ምን ያህል ቦታ እንደሚፈጅ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የተለመደው ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ 20 ደረጃ 3 ሜትር ከፍታ ይሆናል፤ መወጣጫውም 36 ሜትር ይረዝማል፤ በየመካከሉ ማረፊያ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ያን ያህል ባዶ ቦታ በዚያ ጥግ የለም። ቢኖርም እንኳ በዚህ ቅዱስ ስፍራ አንዲት ድንጋይ ያለ ሁሉም ስምምነት እንደማትነሣ እናውቃለን። በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ከመስኮቱ ሥር ተደግፋ የምትታየው አሮጌ መሰላል ለዘመናት ከቦታዋ አለመነሣቷ ለዚህ ምስክር ናት።

እንግዲህ በአንድ የዐቢይ ጾም ወቅት ከጎንደር ወገን ለመሳለም የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። በስኳር ሕመም ምክንያት አንድ እግራቸውን አጥተው በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀሳሉ። ባለሙያ ነህና አንተ አስበህ አዘጋጅ ተባልሁ። እኔም ደረጃውን ቆጠርሁ፣ የበሩን ስፋት ለካሁ፣ አራት ብርቱ ወጣቶች ለመንሁ። በቅፍርናሆም ሽባውን ተሸክመው ጣራውን ያነሡትን አራት ሰዎች እያሰብሁ ደስ አለኝ። እነዚያ በጣራው በኩል አወረዱ፤ እኛ ደግሞ ወደ ጣራው ልናወጣ ነው አልሁ።

አወጣናቸውም። ሲደርሱ እጃቸውን ዘርግተው አለቀሱ፤ እኛም አብረን አለቀስን። ከዚያ በኋላ ወጣቶቹ ሌሎች ተሳላሚዎችን ሊመሩ ሄዱ፤ እኔም ለሌላ ጉዳይ ወረድሁ። ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ጾሙ ተፈትቶ እህልና ውኃ ቀረበ። እኒህ እናት ግን ከንፈራቸውን ከማርጠብ በቀር አልጠጡም። በአጠገባቸው የነበሩት ብርታታቸውን አደነቁ። ወደ ማታ ስመለስ በቅጥሩ ጥላ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። እኔም እንደ ሌሎቹ «እናቴ፣ እንዴት ያለ ጾም ነው!» አልኋቸው።

ዝም ብለው ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጾም እንዳይመስልህ። ውኃ ከጠጣሁ መጸዳጃ ቤት ያሰኘኛል፤ የሚያደርሰኝ የለም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው የተውሁት። ስታወጡኝ እግዜር ይስጣችሁ አልሁ። መውረድ ስፈልግ ግን ማንን እንደምጠራ አልነገራችሁኝም።»

የምመልሰው አጣሁ። ደረጃውን ቆጥሬ ነበር፤ እርሳቸውን ግን አልጠየቅሁም። መውጣቱን አሰብሁ፤ ውሎውንና መውረዱን ረሳሁ። አንድ ሰው እስኪያስታውሰው ድረስ ከተቀመጠበት መነሣት የማይችል እንግዳ፣ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ እንደ ዕቃ ሆኗል ማለት ነው። ይህንንም ያደረግሁት በፍቅር ነበር። ተሸካሚዎቹን አልወቅስም፤ የጎደለው የእነርሱ ጉልበት ሳይሆን የእኔ ጥያቄ ነው።

በማግሥቱ ወደ ማረፊያቸው ሄጄ ይቅርታ ከጠየቅሁ በኋላ፣ መጀመሪያ ልጠይቀው ይገባኝ የነበረውን ጠየቅሁ፦ «እናቴ፣ እርስዎ ከሁሉ ይልቅ የትኛውን ስፍራ መሳለም ይወዳሉ?» እኔ ወደ ጎልጎታ ቁልቁለታማ ደረጃ ማን እንደሚያወጣቸው እያሰላሁ ነበር። እርሳቸው ግን የጌታ ሥጋ የተገነዘበት ድንጋይ ዘንድ መቀመጥ እንደሚሹ ነገሩኝ። ይህ ድንጋይ ከመግቢያው በር ፊት ለፊት፣ በወለሉ ላይ ነው። ማንም ሳይሸከማቸው፣ አንድ ሰው ወንበሩን እየገፋ አደረሳቸው። ነጠላቸውን ዘርግተው ድንጋዩን አበሱ፤ የወደዱትንም ያህል ቆዩ። በዚያ ቀን ሲመለሱ ውኃ ለምነው ጠጡ፤ የሚደርሱበትን መጸዳጃ ቤት አስቀድመን አይተነው ነበርና።

ይህን የጻፍሁት በዚህ ቅዱስ ስፍራ ለምንኖርና ለምንመላለስ ሁሉ ነው። ድንጋይ ሳይነሣ፣ ፈቃድም ሳይጠየቅ ልናደርገው የምንችለው ብዙ አለ። ተሳላሚ ከአገሩ ሳይነሣ የት ስንት ደረጃ እንዳለ፣ የት ደግሞ ሜዳ እንደሆነ እንንገረው፤ ያን ጊዜ እርሱ ራሱ ይመርጣል። ሰው ተሸክመን ካወጣን የሚያወርደው ማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ አብረን እንወስን። በማረፊያው ቤት ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ በር የትኛው እንደሆነ እንለካ፤ 80 ሳንቲሜትር ክፍት ከሆነ ይበቃል። ለማዞሪያ ደግሞ 150 ሳንቲሜትር ስፋት ያሻል፤ አንዳንድ ጊዜ ሣጥን ከጥግ ማንሣት ብቻ ይበቃል። ጆሮው ለከበደው ከፊት ቦታ እንስጥ። ማስታወቂያችንን በትልልቅ ፊደል እንጻፍ። ዓይነ ስውሩን ክንዱን ይዘን ከመጎተት ክንዳችንን ሰጥተነው እርሱ ይያዘን።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። መቋሚያን እናስብ። ሌሊቱን ቆሞ ለሚያድር አካል ድካም የተሰጠ ምርኩዝ ነው፤ ሊቁም ወጣቱም ይደገፈዋል፤ በመደገፉ ያፈረ ግን የለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ዓይነ ስውራን ድጓውንና ቅኔውን በቃል ተቀብለው መምህራን ሆነዋል። ትምህርቱ በጆሮ የሚገባ ስለ ነበረ በሩ አልተዘጋባቸውም። በሌላ በኩል ደግሞ በየደጀ ሰላሙ ተቀምጠው የምናያቸው አካል ጉዳተኞች አሉ። ምጽዋት ሰጥተናቸው ወደ ውስጥ እንገባለን፤ ለመግባት ይሹ እንደሆነ ግን የምንጠይቃቸው ስንቶቻችን ነን? ንጉሥ ዳዊት እግሩ ሽባ የነበረውን ሜምፊቦስቴን ከገበታው አስቀመጠው እንጂ ከበሩ ላይ ምግብ አልላከለትም።

እኒያ እናት ወደ አገራቸው ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሲሰናበቱኝ መረቁኝና «በሚመጣው ዓመት እንደ እኔ ያለች ሌላ ብትመጣ፣ አንተ ስታወጣት ሳይሆን እርሷ መውረድ ስትሻ ድረስላት» አሉኝ። እነሆ ለአንባቢ አደራውን አካፍያለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።